አንድ እምቢልታ ይበቃል ላሉት ለአጋፋሪ ብርሃነ መስቀል

ይድረስ ለክቡር አጋፋሪ ብርሃነ መስቀል፣ የአንኮበር ግቢ በር አስከባሪ፣ የግብር አሰናጅ፣ የእንግዳ መራጭ፣ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ደግሞ የዜማ ሊቅ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ የግቢውን ዳገት እንደ ወትሮው ይወጣልዎታል? የወገብ ውጋትዎስ ለቀቅ አደረገዎት? በቅሎዎ ከደብረ ብርሃኑ መንገድ ወዲህ መደንገጧን ትታለች ሲባል ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። እኔ አገልጋይዎ ወልደ ሰንበት፣ የመካከለኛው እምቢልታ ነፊ፣ ከጥርሴና ከአከርካሪዬ በቀር ጤና ነኝ፤ አከርካሪዬንም ያጎበጠው ለእርስዎ እጅ መንሣት ስለሆነ አልቆጭበትም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንዲነበብ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ምክንያቱን ላስረዳ። በእርስዎ ላይ ያለኝን አቤቱታ ለአንኮበሩ ገዥ ለጌታችን ለማቅረብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጅ ጠናሁ። ደጁን የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት፤ ጉዳዬ ምን እንደሆነ የሚጠይቁኝም እርስዎ ነዎት። ጉዳዬ እርስዎ እንደሆኑ በትሕትና በነገርሁዎት ቁጥር ጌታችን ተኝተዋል፣ ጌታችን ጸሎት ላይ ናቸው፣ ጌታችን እንጦጦ ሄደዋል እያሉ ሸኙኝ፤ ሦስቱንም በአንድ ጠዋት የነገሩኝ ቀን አለ። ስለዚህ በልጅነቴ ዳዊት የደገምሁባትን ጥቂት ፊደል አሰባስቤ ይህን ጻፍሁ፤ ድምፃቸው ከገደል ገደል የሚሰማው ቄስ ገብረአማኑኤልም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም እንዲያነቡልኝ ለመንኋቸው። እርስዎ ቅዳሴው እንዳለቀ ወደ ቁርስዎ እንደሚፈጥኑ ስለማውቅ አንድ ግልባጭ ወደ ቤትዎ ልኬያለሁ።

ክቡርነትዎ ሁሉን ያውቃሉ። ነገር ግን ከሚሰሙት መካከል ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሊኖር ይችላልና፣ ስለ እምቢልታ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። እምቢልታ እንደ ዋሽንት ጣት የሚመላለስበት ቀዳዳ የለውም፤ ባዶ ሸምበቆ ነው። ረጅሙ አንድ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ መካከለኛው አንድ መካከለኛ ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ አንድ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ነፊው የፈለገውን ያህል ቢጠበብ፣ ሳንባው የአንጥረኛ ወናፍ ቢያህል፣ ከዚያች ከአንዷ ድምፅ ሌላ አያገኝም። ዜማ የሚሆነው ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው። ረጅሙን ገብረመንፈስቅዱስ፣ መካከለኛውን እኔ፣ አጭሩን ታላቃችን አያ ዘርአ ዳዊት ይዘን ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቀባበል ኖረናል። ከሦስታችን አንዳችንም ብቻውን አንድ ሙሉ ዜማ እችላለሁ ሊል አይችልም፤ እኔ በደንብ የማውቀው መቼ ዝም ማለት እንዳለብኝ ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዞረ ወዲህ የአንኮበር አዳራሽ እንደ ቀድሞው አይሞላም። ይህን በእርስዎ አላሳብብም፤ መኳንንቱ ንጉሡን ተከትለው ሄዱ፣ ጠጁም መኳንንቱን ተከትሎ ሄደ። እኛም ጊዜው መለወጡን ለማወቅ የእርስዎን አዋጅ አልጠበቅንም። ጌታ ከነሠራዊቱ ሲገባ በሜዳ እንነፋው የነበረውን ዜማ ለአሥራ ሁለት እንግዳ እንዲመጥን አሳጥረነዋል። ተመጋቢውን እንዳናደነቁር ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ነፍተናል። እንዲያውም አንድ ቀን ገብረመንፈስቅዱስ ያን ረጅም እምቢልታውን በመስኮት አሾልኮ ነፍቶ፣ ከውስጥ እንግዶች ይልቅ በውጭ የታሰሩት በቅሎዎች ግብሩን በሚገባ ሰምተዋል።

እርስዎ ግን ባለፈው ጥቅምት እንጦጦ ደርሰው ሲመለሱ አዲስ ዕውቀት ይዘው መጡ። እዚያ አንድ ሰው ከፈረንጅ አገር የመጣ የናስ መለከት ይዞ፣ ብቻውን ቆሞ ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያደርሰው በዓይንዎ አይተዋል። ስለዚህ ሦስታችንን አሰልፈው፣ የምትሠሩት አንድ ሥራ ነውና አንዱ ይበቃል አሉ። የመረጡትም እኔን ነው። በችሎታዬ መስሎኝ ጥቂት ቀን ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ በኋላ ግን ለበሩ ቅርብ ስለ ቆምሁ ብቻ መሆኑን ከዘበኛዎ ሰማሁ። ገብረመንፈስቅዱስንና አያ ዘርአ ዳዊትን ዕረፉ ብለው አሰናበቷቸው፤ ዕረፍት ያልጠየቁ ሰዎችን በማሳረፍዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ይኸው ጥበብ እስከ ማጀትዎ እንዳልደረሰና ድስትዎ ዛሬም በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚጣድ ስሰማ ደግሞ ስለ ራትዎ ተደስቻለሁ።

ሁለተኛ። በኅዳር ወር ጌታችን ስላልተመቻቸው እርስዎ በእርሳቸው ፈንታ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ፣ ከተማው ሲገቡ እምቢልታ እንዲነፋልዎ ፈቀዱ። እምቢልታ ለትልቅ ጌታ እንጂ ለአጋፋሪ አይነፋም እያሉ የሚያንሾካሽኩ ነበሩ። እኔ ግን ተከራክሬልዎታለሁ። ሦስት እምቢልታ ለጌታ ከሆነ ለአጋፋሪ ሲሦው አይበዛበትም ብያለሁ።

የገበያ ቀን ነበር፤ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ባና ሻጮቹ የበግ ጠጉር ባናቸውን ከምረው፣ ከብት ነጋዴው ከብቱን አሰልፎ፣ ሕዝቡ መንገዱን ለቆልን ግራና ቀኝ ቆመ። ከፊትዎ ሆኜ ነፋሁ። ከዚያም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ የአያ ዘርአ ዳዊትን ቀጭን ድምፅ ጠበቅሁ። እሱ አንኮበር ነው፣ ዐርፏል። ሕዝቡም አብሮኝ ጠበቀ። ሁለተኛ ነፋሁ፤ አሁንም ሁላችንም ጠበቅን። ሦስተኛ ጊዜ ስነፋ ከከብት ተራው አንድ ወይፈን መለሰልኝ፤ ያን ቀን የተቀበለኝ እሱ ብቻ ነው።

በቅሎዎ በዚህ ደንግጣ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ እርስዎን ባና ክምር ላይ በክብር አስቀመጠችዎ። ሕዝቡ እልል ማለቱን ያስታውሳሉ፤ ስለ መምጣትዎ የደስታ እልልታ ነው ብለው እንደተረዱት ተስፋ አደርጋለሁ። የባናው ባለቤት፣ ይርጋለም የምትባል ደግ ሴት፣ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «አባቴ፣ ከብት ጠፍቶብዎት ነው እንዲህ የሚጣሩት? መልኩን ይንገሩኝና ላፈላልግልዎ» አለችኝ። አልጠፋብኝም እየመራሁት ነው ልላት ከጅሎኝ ነበር፤ ጨዋነት ያዘኝ።

ሦስተኛ። እዚህ ላይ ቀልዱን ጥቂት ልተው። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ የአንኮበርን አቀበት የጀመርነው ከቀትር በኋላ ነበር፤ ጉሙ ከቆላው እየወጣ ሸለቆውን ሞልቶታል። የደብረ ብርሃኑ እንዲረሳልዎ ይመስለኛል፣ እንደገና እንድነፋ አዘዙኝ። ነፋሁ፣ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ከቅዱስ ሚካኤል በታች ካለው ጎጆ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ቀጭኑ ድምፅ መጣ። አያ ዘርአ ዳዊት ነበር። ማንም አልጠራውም፤ ጓሮው ሆኖ የእኔን ድምፅ ሲሰማ ተራው መሆኑን አወቀና ነፋ። እኔም ተቀብዬ ቀጠልሁ። ጥቂት ቆይቶ ከሸለቆው ማዶ፣ ከጎረቤላ በኩል ወፍራሙ ደረሰ። ገብረመንፈስቅዱስ አጨዳ ላይ ነበር፤ ድምፃችንን ሲሰማ ማጭዱን ጥሎ እምቢልታውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ መሮጡን ሚስቱ ወለተ ሥላሴ በኋላ ነገረችን። በስድሳ አራት ዓመቱ እንዲያ ሲሮጥ አይታ ቤት የተቃጠለ መስሏት ነበር።

ክቡር አጋፋሪ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ቀን ነፍተን አናውቅም። ሸለቆው በመካከላችን ነው፣ አንዳችን ሌላውን አናይም፣ ዜማው ግን አንዲት ድምፅ አልሳተም። ውኃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆሙ። እኔ አለቀስሁ፤ ይህን በደጀ ሰላም ሲነበብ አላፍርበትም። እርስዎም በቅሎዎን አቁመው እስከ መጨረሻው ሲሰሙ፣ ራስዎንም ሲወዘውዙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ በማግስቱ ሁለት ዘበኛ ወደ አያ ዘርአ ዳዊት ቤት ሲልኩ ለሽልማት መሰለን። እሱማ ዘበኞቹን ከሩቅ ሲያይ የክት ነጠላውን ለብሶ፣ እምቢልታውን ይዞ ደጅ ወጥቶ ጠበቃቸው። እነሱ ግን ከግቢ የተሰናበተ ሰው ሳይፈቀድለት ነፍቷል ብለው እምቢልታውን ከእጁ ወስደው ሄዱ። ጎረቤላም ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን ወለተ ሥላሴ የባልዋን እምቢልታ ጎታ ውስጥ ከገብሱ ጋር ቀብራ አይጥ በላው አለቻቸው። ቁመተ ረጅም ሸምበቆ የሚጨርስ አይጥ ካለበት ቤት ፈጥነው ወጡ። ይህን ምስጢር ዛሬ የማወጣው ከታች በሚያነቡት ምክንያት ነው።

አያ ዘርአ ዳዊት ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱን ቀብሯል፣ ልጆቹ ሠራዊቱን ተከትለው ሄደዋል። የፊት ጥርሶቹ የወደቁ ጊዜ ሁላችንም አበቃለት ስንል፣ እሱ አንድ ክረምት ሙሉ እቤቱ ተቀምጦ ከንፈሩን ሌላ አያያዝ አስተማረና በመስቀል እንደገና ነፋ። እርስዎ የወሰዱት የእንደዚህ ያለውን ሰው እምቢልታ ነው። ልጠይቀው ስሄድ ስለ እርስዎ ክፉ ቃል አልወጣውም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብቻዬን ስነፋ ከድምፄ በኋላ ምን ያህል ዝም እንደምል። ድሮ የምለውን ያህል ነው አልሁት። «በል እንግዲያው እንዳታሳጥረው፤ እኔ በልቤ እገባበታለሁ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ መንፋት አልቻልሁም። ከንፈሬ ቆስሏል ያልሁዎት ውሸት ነበርና ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ሐኪም ልላክልህ ብለው አለማስቸገርዎንም በምስጋና አስታውሳለሁ።

አራተኛም ነበረኝ። ቄስ ገብረአማኑኤል አስቀድመው አይተውት ይህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚነበብ አይደለም ስላሉኝ ቀደድሁት። በግል ከፈለጉት በቃሌ አውቀዋለሁ።

ለአያ ዘርአ ዳዊት እምቢልታው እንዲመለስለት ሽማግሌ ብንልክ፣ አሁን የግቢ ዕቃ ሆኗል፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ከፈለገ ሌላ ሸምበቆ ቆርጦ ይሥራ የሚል መልስ ሰጡ። ለምክርዎ ምስጋናችን ይድረስዎ። ክፋቱ ግን እምቢልታ አንድ ለብቻው አይቆረጥም። ሦስቱ ከአንድ ቁጥቋጦ በአንድ ቀን ይቆረጣሉ፤ አንዱ ጥቂት ሲከረከም ሌላው እሱን እያዳመጠ ይከረከማል፤ እንዲህ ሆነው አብረው ይደርቃሉ። ትናንት የተቆረጠ ሸምበቆ ሠላሳ አንድ ዓመት ከደረቁ ሁለት ጋር አይስማማም። አንዱን ሲወስዱ ሦስቱን ወሰዱ ማለት ነው። ምክርዎን ለመቀበል ከፈለግን ሦስቱንም እንደ አዲስ ከመቁረጥ በቀር መንገድ አልነበረንም።

እኔ ከንፈሬ ቆስሎ በነበረበት ታኅሣሥ፣ ሦስት ሽማግሌዎች በትራችንን ይዘን ወደ ቆላው ገበያ ወደ አልዩ አምባ ወረድን። እዚያ ነጋዴው ሸሪፍ አለ፤ ዕቃ ይዞ ወደ ግቢ ሲመጣ ደጅዎ ላይ ብዙ ቀን ስለሚቆም የእኛን ዜማ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ጉዳያችንን ሰምቶ፣ «በወንዙ ዳር ካለው ሸምበቆዬ የፈለጋችሁትን ቁረጡ፤ በየካቲት ኢንሻአላህ ልጄን ነሲባን ስድር ሦስታችሁም ትነፋላችሁ፤ አንዳችሁ ብቻ የምትመጡ ከሆነ ግን ደጄን እንዳትረግጡ» አለን። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከሰማን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበርና ሳቅን።

ሸምበቆው የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ስለ ነበር ድምፁ ገና እርጥብ ነው። የድሮው ዜማችን ልክ አልሆንልህ ስላለው የቆላውን የሠርግ ዘፈን እንማር ጀመር። ጭብጨባው ከእኛ ይፈጥናል፤ ገብረመንፈስቅዱስ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይገባል፣ እኔ ቀድሜ እገባለሁ፤ ሁለታችንን የሚያርመን፣ ዜማውንም ከሁላችን አስቀድሞ የያዘው፣ ጥርስ የሌለው ባለ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓርብ ስንለማመድ ሰባት ሰውና አሥራ አንድ ግመል ሰሙን። አንኮበር በደጉ ዘመን ከነበረው ሰው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው፤ ግን ሰባቱም እስኪያልቅ አልሄዱም፣ ግመሎቹም ታስረው ነበር።

ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሁለት የቆዩ እምቢልታዎች ልከንልዎታል፤ አንዱ የእኔ ነው፣ ረጅሙ ከጎታ የወጣው የገብረመንፈስቅዱስ ነው፤ ገብስ ቢራገፍበት ይታገሡን። ከወንድማቸው አጠገብ ይስቀሉልን። አብረው የኖሩ ስለሆኑ ለየብቻ እንዲያድሩ ልባችን አልፈቀደም። የግቢ እምቢልታ ነፊነቴንም በዚሁ መልሻለሁ። እንግዲህ በእጅዎ ሦስት እምቢልታ አለ፤ ነፊ እንደሆነ አንድ ይበቃል ብለዋልና ክቡርነትዎ ራስዎ ሊነፏቸው ይችላሉ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ደጅዎን የሚጠና አያሳጣዎ፣ በሚቀጥለው መንገድዎም መውደቂያዎን ባና ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከጉልበትዎ ዝቅ ብዬ፣ ከበርዎ ግን ራቅ ብዬ የምሰናበት፣ ትናንት የእርስዎ ሲሦ እምቢልታ፣ ዛሬ የሦስት ሽማግሌዎች መካከለኛ፣

ወልደ ሰንበት

አንኮበር፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ካሸግሁት በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በየካቲት ለጌታችን ጉዳይ ወደ ቆላ እንደሚወርዱ ሰምቻለሁ። በአልዩ አምባ ሲያልፉ ከወንዙ ማዶ ሦስት እምቢልታ ሲቀባበል ከሰሙ፣ እባክዎ ኩታዎን አያስተካክሉ፣ በቅሎዎንም ቀጥ አያድርጉ፣ ሰዉም እንዲነሣልዎ አይጠብቁ። ለእርስዎ አይደለም።